አሥራ አንድ ዓመት አንድ ቀለም

በሠላሳ አንድ ዓመት የላብራቶሪ ሥራዬ የስንቱን ሰው ሽንት እንዳፈላሁ እኔም አላውቀው፤ የራሴን ግን አንድም ቀን መርምሬ አላውቅም ነበር። ምን ሲደረግ! ሐኪም ቤት የሚሠራ ሰው በሽታ የሌላ ሰው ጉዳይ ይመስለዋል። ደግሞስ እኔ ምን ሆኜ? ሻይ በሦስት ማንኪያ ስኳር እጠጣለሁ፣ ደረጃ ሳላርፍ እወጣለሁ፣ ስቆጣ ድምፄ ከላብራቶሪው እስከ ካርድ ክፍል ይሰማል። ሠራተኞቹ ከኋላዬ «ጄኔራሏ» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ፊት ለፊት ደፍሮ የሚለኝ እስካሁን አልተገኘም።

ላብራቶሪዬ ጠባብ ናት። አንድ መስኮት፣ አንድ የእጅ መታጠቢያ፣ በተሽከረከረ ቁጥር ከጠረጴዛው ካልወረድኩ የሚል አሮጌ ማሽን። መደርደሪያው ላይ ደግሞ ኩራቴ፣ ሰማያዊው ፈሳሽ። መዳብ ያለበት ነው፤ ራሴ መዝኜ፣ ራሴ አሟሙቼ፣ ራሴ አጣርቼ ነው የማዘጋጀው። ከእሱ ትንሽ በመስታወት ቱቦ እቀዳለሁ፣ ስምንት ጠብታ ሽንት እጨምርበታለሁ፣ የፈላ ውሃ ውስጥ አምስት ደቂቃ አቆየዋለሁ። ስኳር ከሌለ ሰማያዊ እንደሆነ ይወጣል። ጥቂት ካለ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል፤ ሲጨምር ቢጫ፣ ሲብስ ብርቱካንማ፣ ከዚያ ወዲያ እንደ ጡብ ይቀላል። ሌላው ዓለም ይህን ትቶ ሽንት ውስጥ የመመርመሪያ ወረቀት መንከር ከጀመረ ቆይቷል። ወረቀቱ እኛም ጋ ይመጣል፤ ግን ያልቃል፣ ወይም አንዱ ዝርክርክ ክዳኑን ክፍት ይተወውና ይበላሻል። ያን ጊዜ ሁሉም ወደ እኔ ይዞራል። እኔም ደረቴን ነፍቼ አፈላለሁ።

አዲሷ ዶክተር ክሊኒካችን ከመጣች አራት ወሯ ነበር። ድምፅዋ ዝግ ያለ፣ ዓይን አፋር ቢጤ ናት፤ የያዘችውን ነገር ግን አትለቅም። ወረቀቱ ያለቀ ዕለት ላብራቶሪ መጣችና ቱቦዎቼን ታይ ጀመር።

«ይሄ ፈሳሽ ስኳር መኖሩን እንጂ የትኛው ስኳር እንደሆነ አይለይም እኮ» አለችኝ።

«ስኳር ስኳር ነው። ስም አውጥቼ ክርስትና ላነሳው ነው?»

«ብዙ ዓይነት ስለሆነ ነው። የወተት አለ፣ የፍራፍሬ አለ፣ ሌላም አለ። አንዳንዴ ያሳስታል።»

ያሳስታል የምትለዋ ቃል ከንክናኛለች። «ነይ ቁጭ በይ» አልኳት። ሦስት ቱቦ ደረደርኩ። በአንደኛው ከመድኃኒት ክፍል ያመጣሁትን ግሉኮስ በውሃ በጥብጬ ጨመርኩ። በሁለተኛው የታወቀ የስኳር በሽተኛ ሽንት። ሦስተኛው የጤነኛ ሰው መሆን አለበት። በዚያ ሕንፃ ውስጥ ከእኔ የበለጠ ጤነኛ አልታየኝምና ብልቃጥ ይዤ ወጥቼ ተመለስኩ።

አምስት ደቂቃው ሞላ። የመጀመሪያው ቀላ። ሁለተኛው ብርቱካንማ ሆነ። ሦስተኛውም ብርቱካንማ ሆነ።

«ቱቦው ቆሽሾ ነው» አልኩ። በብሩሽ ፈትጌ፣ በፈላ ውሃ አጥቤ ደገምኩት። ያው። አዲስ ፈሳሽ ከፍቼ ሠለስኩት። ያው። ዶክተሯ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም፤ ይበልጥ ያናደደኝም እሱ ነው። ጣቴን ራሴ ወግቼ ደሜን መለኪያው ላይ አደረግኩ። ሰማንያ ስምንት አለ። ሻዬን በሦስት ማንኪያዬ ከጠጣሁ ሁለት ሰዓት አልሞላኝም ነበር። ይህ የጤነኛ ሰው ደም ነው። ከመንገድ ማዶ ካለው ክሊኒክ ወረቀት ተበድሬ መጥቼ ሽንቴን ነከርኩበት። ወረቀቱ ስኳር የለም አለ።

«ወረቀቱ ግሉኮስን ብቻ ነው የሚያውቀው» አለች ቀስ ብላ። «ግሉኮስ የለም ይላል፤ እውነቱን ነው። የእርስዎ ፈሳሽ ደግሞ ስኳር አለ ይላል። እሱም እውነቱን ነው። ሌላ ስኳር ነው ማለት ነው።» ከዚያ እንደ ዋዛ፣ «በቤተሰብ ውስጥ ስኳር አለበት የተባለ ሰው አለ?» ብላ ጠየቀችኝ።

ወንድሜ ልል አፌን ከፍቼ ቃሉ እዚያው ቀረ። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

ወንድሜ በአራት ዓመት ይከተለኛል። ሰፈሩም ሥራ ቦታውም «ጥሩምባ» ነው የሚለው፤ አገር አቋራጭ አውቶብስ ሲነዳ ከሩቅ መምጣቱን ሳያስታውቅ አይገባም ነበርና። ግዙፍ ነው፣ ትከሻው በር ይሞላል፤ መርፌ ሲያይ ግን እንደ እርጥብ ጨርቅ እጥፍ ይላል። ልጅ ሆኖ ክትባት ሊወጋ ሄዶ ነርሷ ላይ ወድቆባት ነርሷ ናት ሐኪም ያስፈለጋት። አርባ ሁለት ዓመት ሲሞላው መንጃ ፈቃዱን ለማደስ የጤና ምርመራ ታዘዘ። ደም ስጥ ሲባል ወደ እኔ ሮጦ መጣ።

«እኔ እያለሁልህ መርፌ ምን ያደርግልሃል?» አልኩት። «ሽንት ይበቃል፤ እኔ ራሴ አየዋለሁ።»

በፍቅር ነው ያደረግኩት። አፈላሁት፣ ብርቱካንማ ሆነ። ደገምኩት፣ ያው ሆነ። መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩና ፊቴን ታጥቤ ወጥቼ የውጤት ቅጹ ላይ ሦስት የመደመር ምልክት ጻፍኩ። የምርመራ ሐኪሙ ያውቀኝ ነበር። «እሷ ከጻፈችው አለቀ» ብሎ ደም ሳያይ ፈረመ። ያ የአውቶብስ ድርጅት ደግሞ ስኳር ያለበትን ሰው ረጅም መንገድ አያስነዳም ነበርና ወንድሜ ከመሪው ወርዶ ጋራዡ ውስጥ የመለዋወጫ ዕቃ ጠባቂ ሆነ። በቀን ሁለት ጊዜ የሚውጠው እንክብል ታዘዘለት። ሆዱን እየቆረጠውም ዋጠው።

ይህ አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ስህተት ብዬ እጽናና ነበር፤ ሰው ይሳሳታል። እኔ ግን ደሙን ሳላይ፣ ለወንድሜስ ወረቀት አላምንም ብዬ፣ በየሦስት ወሩ ሽንቱን ማፍላቴን ቀጠልኩ። በመጣ ቁጥር ብርቱካንማ ነው። እንክብሉን እየዋጠ፣ ጣፋጭ ትቻለሁ እያለ፣ ብርቱካንማ!

«ትበላለህ» አልኩት።

«አልበላሁም።»

«ቀለሙ ይኸው! እኔን ታታልላለህ?»

«በእማዬ እምላለሁ፣ አንድ ማንኪያ አልነካሁም።»

«የሞተች እናታችንን ለማንኪያ ስኳር ትጠራታለህ? አታፍርም?»

ሚስቱን ጠርቼ ኪሱን ፈትሺ አልኳት። ፈተሸች። ቤታቸው ያለውን ስኳር በቁልፍ አስቆለፍኩ። ዓይን ሲጠፋና እግር ሲቆረጥ የሚያሳይ ሥዕል ያለበት መጽሔት ከክሊኒኩ ወስጄ ሰጠሁት። ልጁ የተመረቀች ዕለት ደግሞ፣ በሠላሳ ሰው ፊት፣ ኬክ ላይ እጁን ሲሰድ አየሁና እጁን መታሁት። የሃምሳ ዓመት ሰው! «ለእሷ ላቀብላት ነው» አለኝ። ጠረጴዛው ዙሪያ የነበሩት ሳቁ። እሱ አልሳቀም።

ይህን ሁሉ ለዶክተሯ ነገርኳት፤ ኬኩን ግን ዘለልኩት። ስታዳምጠኝ ቆይታ ወረቀት አወጣችና መስመር ሠራችበት።

«ሰውነታችን ግሉኮስን የሚያቃጥልበት አንድ ዋና መንገድ አለው» አለች። «ግን ሁሉም በዚያ አይሄድም። ጥቂቱ በጉበት በኩል በሌላ መንገድ ይሄዳል። ሰውነት በዚያ መንገድ አንድ አሲድ ይሠራል፤ መድኃኒትም ይሁን ሌላ የማይፈልገውን ነገር ከአሲዱ ጋር አያይዞ ያስወጣዋል። ከአሲዱ የተረፈው ደረጃ በደረጃ ይለወጥና አምስት ካርቦን ያለው ስኳር ይሆናል። ያንን ስኳር ተቀብሎ ወደሚቀጥለው የሚያሻግር ኤንዛይም አለ። አንዳንድ ሰው ያ ኤንዛይም ሳይኖረው ይወለዳል። ያን ጊዜ ስኳሩ መሄጃ ያጣና በሽንት ይወጣል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ምንም።»

«እንዴት ምንም?»

«አያምም፣ አይጎዳም፣ መድኃኒት አይፈልግም፣ ዕድሜም አይቀንስም። ከእናትም ከአባትም ሲወረስ ነው የሚታየው። ሰው ሳያውቀው ይኖራል። ጉዳት ካለው፣ የስኳር በሽታ ነው ተብሎ ሲታከም ብቻ ነው።» ይህን ስትል ወደ ወረቀቷ አቀርቅራ ነበር። ጨዋ ልጅ ናት።

እናታችንና አባታችን የአንድ ቀዬ ልጆች ናቸው፤ ቅድመ አያቶቻቸው ወንድማማች ነበሩ ሲባል እሰማ ነበር።

አንድ ሙከራ አስተማረችኝ። ሽንቴን ከሰማያዊው ፈሳሽ ጋር አድርገን የፈላ ሳይሆን ለብ ከማለት ትንሽ ያለፈ ውሃ ውስጥ አስቀመጥነው። ግሉኮስ በእንዲህ ዓይነት ሙቀት ንቅንቅ አይልም። የእኔው በአሥር ደቂቃ ቢጫ ሆነ። «የፍራፍሬ ስኳርም እንዲህ ይቸኩላል» አለች፤ «የትኛው እንደሆነ ለይተው እንዲነግሩን ወደ ትልቁ ላብራቶሪ እንልካለን። የወንድምዎንም ያምጡልኝ። ለእሱ ደግሞ የደም ምርመራ ያስፈልገዋል፤ ያውም እንክብሉን ሁለት ሳምንት ካቆመ በኋላ። ከዚያ በፊት ምንም ማለት አንችልም።»

በዚያ ሳምንት ውስጤ የሚብላላው ኤንዛይሙ አልነበረም። የአሥራ አንድ ዓመት መዝገቤን አውጥቼ አየሁት። ሦስት መደመር፣ ሦስት መደመር፣ ሦስት መደመር። የእውነተኛ የስኳር በሽተኛ ቀለም ይወጣል ይወርዳል፤ ድግስ በልቶ ሲመጣ ይቀላል፣ ሲጠነቀቅ አረንጓዴ ይሆናል። ተደብቆ የሚበላ ሰው ደግሞ አንድ ቀን ያበዛል፣ አንድ ቀን ያጣል። በአርባ አራት ምርመራ አንድ ዓይነት ቀለም የሚያመጣ ሌባ የለም። ይህን አንድ ተማሪ እንኳ ያያል። እኔ ግን ወንድሜ ዋሾ ነው ብዬ ከወሰንኩ በኋላ የማየው ቀለሙን ሳይሆን ዋሾነቱን ነበር። መዝገቡን ዘጋሁት።

ቅዳሜ ወደ ጋራዡ ሄድኩ። መጋዘኑ የቅባትና የአዲስ ጎማ ሽታ አለው። ወንድሜ ከሽቦ አጥሩ ኋላ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ ብሎን በየሣጥኑ ይለያል። ግቢው ውስጥ አንድ አውቶብስ ሞተሩን አስነሣ። ወንድሜ ቀና ሳይል «የሦስተኛው ሲሊንደር ነዳጅ መርጫ ነው፤ ንገሩት» አለ ለአንዱ መካኒክ። ከዚያ አየኝና ፊቱ ተለወጠ። ያንን ፊት አውቀዋለሁ፤ አሥራ አንድ ዓመት ሲያየኝ የሚያሳየኝ ፊት ነው። ጥፋተኛ ልጅ አስተማሪውን ሲያይ እንደዚያ ይሆናል። ድሮ እንደዚያ አልነበረም፤ ድሮ ሲያየኝ ሁለት ጊዜ ጥሩምባ ይነፋልኝ ነበር።

«ጊዜዬ ደረሰ እንዴ?» አለኝ። «ገና አንድ ወር ይቀረዋል እኮ።»

«ብልቃጥ ይዤልሃለሁ። ደግሞ ዶክተሯ መድኃኒት ልትቀይርልህ ነው። እንክብሉን ለሁለት ሳምንት አቁም። ከዚያ በባዶ ሆድህ ና፤ ደም ይታያል።»

«ደም?»

«ከጣት ነው። ሦስት ጊዜ ብቻ።»

ግድግዳውን ተደገፈ። «ምን አዲስ ነገር ተገኘ?»

እዚያ ላይ ልነግረው ይገባ ነበር። «አሠራር ተቀይሮ ነው» አልኩት። አሥራ አንድ ዓመት ዋሾ ያልኩትን ሰው ዓይኑን እያየሁ ዋሸሁት። ይመነኝ አይመነኝ አላውቅም፤ ብልቃጡን ተቀብሎ ሄደ።

በቀጠሮው ቀን በጠዋት መጣ፤ ተላጭቷል፣ የክት ጃኬቱን ለብሷል። የመጀመሪያዋን ጠብታ ዶክተሯ ራሷ ወሰደች። እሱ ግድግዳው ላይ ያለውን የእጅ አስተጣጠብ ሥዕል ፊደል በፊደል እያነበበ፣ ላቡ እየወረደ ቻለው። ሰማንያ አራት። ከዚያ ግሉኮስ በውሃ በጥብጬ በትልቅ ብርጭቆ አቀረብኩለት።

«ምንድን ነው?»

«ስኳር።»

ብርጭቆውን አየው፣ እኔን አየኝ፣ ዶክተሯን አየ። እጁን አልዘረጋም።

«ጠጣው» አልኩት።

«አንቺ ነሽ ጠጣ የምትዪኝ?»

«ለምርመራው ነው።»

«ልትፈትኚኝ ነው?» አለኝ፤ ድምፁ አልተቆጣም፣ የደከመው ሰው ድምፅ ነው። «ጎምጅቼ ስጠጣ ልታዪኝ ነው?»

ዶክተሯ ጣልቃ ገብታ አስረዳችው። ለእሷ ሲል ተቀበለ። ዓይኑን ጨፍኖ፣ መራራ መድኃኒት እንደሚጠጣ ሁሉ ፊቱን አጨማዶ በአንድ ትንፋሽ ጨለጠው። አፉን በጃኬቱ እጅጌ ሲጠርግ እኔ ላለማየት መስኮት መስኮቱን አየሁ። ከአንድ ሰዓት በኋላ መቶ ሃያ አንድ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ዘጠና ስድስት። ዶክተሯ ቁጥሮቹን ጽፋ ወደ እኔ ገፋችው። የሃያ ዓመት ወጣት እንኳ ከዚህ የተሻለ አያመጣም።

«ስንት ሆነ?» አለ ወንድሜ።

«የትልቁ ላብራቶሪ መልስ ሲመጣ አንድ ላይ ይነገርሃል» አልኩት። ዶክተሯ አየችኝ። ዘጠና ስድስት የሚለውን ቁጥር በእጄ ይዤ ሰውየውን እንደገና ወደ ብሎኑ ላክሁት። ፈሪ ነኝ፤ ጄኔራል ብለው የሚጠሩኝ ሰዎች ይህን አላዩም።

መልሱ በሦስተኛው ሳምንት መጣ። በሁለታችንም ስም ሥር አንድ ቃል ተጽፏል፤ ፔንቶዙሪያ፣ ዶክተሯ ያለችው ባለ አምስት ካርቦን ስኳር በሽንት መውጣቱ ማለት ነው። ከታች በኩል «ምንም ዓይነት ሕክምና አያስፈልግም» ይላል። ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና እሑድ ለምሳ እነሱ ቤት ሄድኩ።

የወንድሜ ሚስት ሩዝና አትክልት ሠርታ ነበር። ከበላን በኋላ ሻይ ቀዳች፤ ለእኔ ስኳር ልታመጣ ቁልፏን ይዛ ወደ ቁም ሣጥኑ ተነሣች።

«ተይው» አልኳት። «ቁጭ በይ። የምናገረው ነገር አለ።»

«ምነው እትዬ፣ በደኅና?» አለች። ወንድሜ የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠ፤ እጁን ከጠረጴዛው ላይ አነሣ። ሊፈረድበት የተቀመጠ ይመስላል።

«ስኳር የለብህም» አልኩት። «ኖሮብህም አያውቅም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሌላኛውን መንገድ፣ የጎደለውን ኤንዛይም፣ የእኔን ሽንት፣ የደሙን ቁጥሮች። ሾፌር ስለሆነ መንገዱን ቶሎ ገባው። «ድልድዩ የለም፤ መኪናው ገደል አይገባም፣ ዞሮ ይወጣል። እንዲህ ነው?» አለ። እንዲህ ነው አልኩት። ደብዳቤውን ሰጠሁት። መነጽሩን አድርጎ ሁለት ጊዜ አነበበው። ስለ መንጃ ፈቃዱ ይጠይቀኛል ብዬ ዶክተሯን የምስክር ወረቀት አጽፌ ይዤ ነበር። ስለ አውቶብስ አንድም ቃል አላነሣም።

«እንግዲያው ያን ጊዜ አልዋሸሁም» አለኝ።

«አልዋሸህም።»

«ለእሷም ንገሪያት።»

«ሰምታለች እኮ።»

«ዞር ብለሽ ንገሪያት።»

ወደ ሚስቱ ዞርኩ። «አልዋሸም» አልኳት። «ኪሱን ያስፈተሽኩሽ በከንቱ ነው።» እሷ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ማልቀስ ጀምራ ነበር። «እኔም እኮ አላመንኩትም» አለች። «አንሶላ አራግፌ ፈልጌበታለሁ።»

ወንድሜ ደብዳቤውን አጠፈ። ያልቀለለው ነገር እንዳለ ያስታውቃል።

«ሦስት ዓመት አልነካሁም» አለ። «በእማዬ የማልኩት እውነቴን ነው። በአራተኛው ዓመት ግን ከረሜላ ገዛሁ። ስሙ ካልቀረልኝ ጣዕሙ ለምን ይቅርብኝ ብዬ። መጋዘን ውስጥ፣ ከጎማው ኋላ ቆሜ በላሁ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ በላሁ። ስምንት ዓመት።»

«አይጎዳህም» አልኩ ቶሎ ብዬ። «ምንም አልጎዳህም። ጤነኛ ሰው ከረሜላ ቢበላ…»

«አሁን ነዋ የምትዪው!» ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍ አለ፤ ወዲያው ደግሞ ወረደ። «ያንን መጽሔት ሰጥተሽኝ የለ። ከስምንት ዓመት ወዲህ ጠዋት ስነቃ ዓይኔን ከመግለጤ በፊት እፈራለሁ። ከገለጥኩ በኋላ ደግሞ ከመስኮቱ ማዶ ያለውን የሱቅ ታፔላ ማንበብ እችል እንደሆነ አያለሁ። ከዚያ እግሬን እቆነጥጣለሁ፤ ይሰማኛል ወይስ አይሰማኝም? አምና በቅርብ የማነበው ፊደል ሲደበዝዝብኝ መጣልህ አልኩ። የዓይን ሐኪሙ የዕድሜ ነው አለኝ፤ እኔ ግን አላመንኩትም። በገዛ እጄ ያመጣሁት ነው ብዬ ዝም አልኩ።»

«ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

«ለማን? ለአንቺ?»

ክሊኒክ ውስጥ የማላውቀው ሰው እንኳ እንዲህ ያለ ፍርሃት ይዞ ቢመጣ ወንበር ስቤ አስቀምጠው ነበር። የገዛ ወንድሜ ስምንት ዓመት በየማለዳው እየሞተ፣ በዓለም ላይ ሊነግረው የማይችለው አንድ ሰው ቢኖር እኔ ነበርኩ። አለቀስኩ። አልደበቅኩትም። በሠላሳ ሰው ፊት እጁን የመታሁበትን ቀን እኔው አንሥቼ፣ ስለ እሱም ስለ ሁሉም ይቅር በለኝ አልኩት። እንዲህ ያለ ቃል ከአፌ ሲወጣ ሰምቶ አያውቅም፤ እኔም ሰምቼው አላውቅም።

ያጠፈውን ደብዳቤ ኪሱ ውስጥ ከተተ።

«አሁን አልሆነልኝም» አለኝ። «ነገ ነይ።»

በማግስቱ ከሥራ ስወጣ ሄድኩ። በሩን ራሱ ከፈተልኝ። ጺሙን አልተላጨም፤ እንቅልፍ የጠገበ ፊት ነበረው። ትከሻው በሩን ሞልቶት ለጥቂት ጊዜ ቆሞ አየኝ።

«ዛሬም አልሆነልኝም» አለ። «ግን ግቢ።»